ከደሞዜ ስለሚቆረጠው መዋጮና ስለ ቅዳሜው ጥሪ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአራት ወር በፊት በካውንቲያችን የሕዝብ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት መጥታ የዩኒየን ካርድ ሰጠችኝ። እስካሁን አልፈረምኩም። አንዱ ባልደረባዬ ‹ብትፈርሚም ባትፈርሚም ኮንትራቱ ይሸፍንሻል፣ ለምን ገንዘብሽን ታባክኛለሽ› አለኝ። ሴትየዋ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ እናድላለን፣ የትምህርት ቦርድ ስብሰባ እንሄዳለን፣ ነይ እያለች ትደውልልኛለች። አገር ቤት ወረዳ ጽሕፈት ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። ዩኒየን ስለ ደሞዝ ነው ወይስ ስለ ቅዳሜ? ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጋሼ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም አንቺ ልበልሽ።

ባልደረባሽ የነገረሽ እውነት ነው። ካርዱን ብትፈርሚም ባትፈርሚም፣ ዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበሩ) ከአሠሪሽ ጋር የተፈራረመው ኮንትራት ይሸፍንሻል። የደሞዝ እርከንሽ ያው ነው። የሕመም ፈቃድሽም ያው ነው። አባል አይደለሽም ብሎ ማኅበሩ ፊቱን ሊያዞርብሽም አይችልም። የአንድን ሥራ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ የመወከል መብት የያዘ ማኅበር፣ አባል ያልሆነውንም እኩል የመወከል ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ካልፈረምሽ ማንም አይደርስልሽም» ያለሽ ሰው ካለ፣ አታሎሻል።

እንደዚያም ሆኖ ፈርሚ ነው የምልሽ። ምክንያቴ ግን ረዘም ይላል። ድር ቢያብር ምናምን የሚለውን ተረት ልነግርሽ አይደለም፤ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በሌላ ካውንቲ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለ12 ዓመት የሠራተኛ ተወካይ ነበርኩ። እዚህ ስቱዋርድ የሚሉት ማለት ነው። ደሞዝ የለውም። ያው ሥራሽን እየሠራሽ ሰው ሲጠራሽ ትሄጃለሽ። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ስለ አገር ቤት። 11 ዓመት ወረዳ ሠርተሽ ማኅበር አለማወቅሽ አያስገርምም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም። የፋብሪካው፣ የሆቴሉ፣ የባንኩ ሠራተኛ በዚያ አዋጅ ተደራጅቶ ይደራደራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም መደራጀት እንደሚችሉ ይላል። አንቺ ግን በ11 ዓመትሽ ነገሩ ከወረቀት ወርዶ አላየሽውም።

አሜሪካም ከዚህ እምብዛም የራቀች አልነበረችም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1935 ሠራተኛ እንዲደራጅና እንዲደራደር የሚፈቅደው ትልቁ ሕግ ሲወጣ፣ የፌዴራል መንግሥቱን፣ ስቴቶችንና ከእነሱ በታች ያሉ አስተዳደሮችን «አሠሪ» ከሚለው ትርጉም አወጣቸው። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛው መብት አገኘ። መንገድ ጠራጊው፣ ነርሷ፣ አስተማሪው ውጭ ቀሩ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች እንዲደራደሩ በሕግ የፈቀደው የመጀመሪያው ስቴት ዊስኮንሲን ነው፤ እሱም በ1959። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለፌዴራል ሠራተኞች በትእዛዝ የፈቀዱት በ1962 ነው። ዊስኮንሲን ራሷ ደግሞ በ2011 ያንኑ መብት ከአብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞቿ መልሳ ቀማች።

በዚህ የተነሳ የመንግሥት ሠራተኛ መብት እንደ ስቴቱ ይለያያል። ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ብትቀጠሪ ኖሮ፣ እስከ 2021 ሜይ ድረስ ካውንቲው ከማኅበር ጋር ኮንትራት መፈራረም አይችልም ነበር። ሕጉ ሲለወጥም መብቱ በቀጥታ አልመጣም፤ እያንዳንዱ ከተማና ካውንቲ በየራሱ ደንብ መወሰን ነበረበት። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ በዚያው ዓመት ወሰኑ። ወደ ደቡብ ወርደሽ ኖርዝ ካሮላይና ብትሄጂ፣ በ1959 የወጣ ሕግ እንዲህ ያለውን ኮንትራት ከነጭራሹ ውድቅ ያደርገዋል። በ95 ቁጥር መንገድ ጥቂት ሰዓት ነድተሽ፣ ያው ማማሰያ፣ ያው ትሪ፣ ያው ልጅ፤ መብትሽ ግን ሌላ ነው።

ይህን የነገርኩሽ ታሪክ ለማስተማር ብዬ አይደለም። ባልደረባሽ «ኮንትራቱ ይሸፍንሻል» ሲል ኮንትራቱን እንደ ዝናብ ነው የሚያየው፤ ማንም ሳይለፋበት ከላይ እንደሚወርድ። ኮንትራቱ ግን በየጥቂት ዓመቱ ጊዜው ያልቃል። ያኔ የካውንቲው ተደራዳሪዎች በጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው የሚያዩት አንድ ቁጥር አለ። ከሠራተኛው ስንቱ አባል ነው? 80 በመቶ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። 30 በመቶ ከሆነም ሌላ ወሬ ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ የሚሠራው ሂሳብ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በፊት በ20 ምናምን ስቴቶች አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛም ለድርድሩ ወጪ ድርሻውን እንዲከፍል ይገደድ ነበር። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፈቅዶ ነበር። በ2018 ጁን ግን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሻረው። ከሳሹ የኢሊኖይ ስቴት ሠራተኛ ማርክ ጃነስ ነበር። የልጆች ቀለብ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። በወር ወደ 45 ዶላር ይቆረጥበት ነበር። «ከመንግሥት ጋር መደራደር ራሱ ፖለቲካ ነው፣ በማላምንበት ንግግር ገንዘቤን አትውሰዱ» አለ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ በመላው አገሪቱ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ሳይፈቅድ አንድ ሳንቲም አይቆረጥበትም። ባልደረባሽ በነፃ የሚጠቀመው በዚህ ፍርድ ነው። መብቱ ነው፤ አልፈርድበትም።

መዋጮው በብዙ ቦታ ከደሞዝ 1 ወይም 2 በመቶ አካባቢ ነው። ያንቺን ከካርዱ ላይ ታገኚዋለሽ። ካርዱን ስታነቢ ግን በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን እንዳትዘይው። ብዙ ካርድ ላይ «መውጣት የፈለገ በየዓመቱ በእነዚህ ቀናት መካከል ያሳውቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እነዚያን ቀናት ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው። ይህን የምልሽ ውጪ ለማለት አይደለም። መውጫውን የማያውቅ ሰው ሲናደድ የሚጣላው ከማኅበሩ ጋር ሳይሆን ካርዱን ካስፈረመችው ሴት ጋር ነው። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ገንዘቡ ምን ይሠራል? ድርድሩ፣ ጠበቃው፣ የግልግል ዳኛው ክፍያ አለ። እሱን ልለፈውና አንድ ቀን ልንገርሽ።

ዓርብ ከሰዓት ነው። ፋይል ክፍል የምትሠራ የአገራችን ልጅ ደወለችልኝ። አለቃዋ «ለአምስት ደቂቃ ብቅ በይ» ብሏታል። ድምፅዋ ደህና ነው። እኔ ግን ዓርብ ከሰዓት የሚባል ስብሰባ ስለማልወድ ሄድኩ። ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት ተገልብጦ ተቀምጧል። እስክሪብቶ ከጎኑ አለ። የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ለአምስት ደቂቃ ወሬ ምስክር አይጠራም። ልጅቷ ደግሞ ፈገግ ብላለች። ስንጨነቅ ፈገግ እንላለን፣ ታውቂው የለ።

ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩ። «ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?» አልኩ። የጠፋ ፋይል ነው። ቀጥዬ «ለብቻችን አምስት ደቂቃ ስጡን» አልኩ። ኮሪደር ላይ ወጣን። ምን ብላ ልትመልስ እንደነበር ጠየቅኳት። «ይቅርታ ልል ነበር» አለችኝ። ፋይሉ የጠፋው መቼ ነው? እሷ ፈቃድ ላይ በነበረችበት ሳምንት። ታዲያ ይቅርታው ለምን? «አለቃ ሲቆጣ ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኛ ጋ ይቅርታ ትሕትና ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን «ጥፋቷን አምናለች» ተብሎ ይጻፋል፣ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ይገባል። ተመልሰን ገባን። የፈቃድ ወረቀቷን አሳየች። ያ የተገለበጠ ወረቀት እንደተገለበጠ ቀረ። ምን ተጽፎበት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተወካይ ይዞ የመግባት መብት የመጣው በ1975 ከወጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ነው፤ ዋይንጋርተን ይሉታል። ፍርዱ የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚመለከት ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው በብዙ ቦታ ይህንኑ በስቴት ሕግ ወይም በኮንትራት ያገኘዋል። ያንቺ ኮንትራት ላይ የቱ አንቀጽ እንደሆነ ፈልጊው። ዋናው ነገር ግን መጠየቅ ያለብሽ አንቺ መሆንሽ ነው። አለቃሽ «ተወካይ ትፈልጊያለሽ?» እንዲልሽ አትጠብቂ። መብቱ የሚሠራው ወደ ቅጣት ሊያመራ ይችላል ብለሽ በምትጠረጥሪው የምርመራ ጥያቄ ላይ ነው። «ነገ ዳቦው ቀድሞ ይውጣ» ለሚል ትእዛዝ ተወካይ አይጠራም። ሌላም አለ። የማትስማሚበት ትእዛዝ ቢመጣ፣ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ሠርተሽው በኋላ አቤቱታ ነው የሚባለው። እምቢ ብለሽ ከቆምሽ የመጀመሪያው ጥፋት ተረስቶ እምቢታሽ ጉዳይ ይሆናል።

አራት ወርሽ ነው ብለሽኛል። እንግዲያው ምናልባት ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ። ይህን ጊዜ ተጠንቀቂ። ቋሚ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ክሱ ሊነገረውና መልስ እንዲሰጥ ዕድል ሊያገኝ ይገባል። ይህም የ1985 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ነው። ጉዳዩ ያንቺን ይመስላል፤ ከሳሹ የክሊቭላንድ የትምህርት ቦርድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ጥላ የለውም። ስለዚህ የሙከራ ጊዜሽ የሚያልቅበትን ቀን እወቂው።

እኔም ያጠፋሁት አለ። አንድ የጥገና ክፍል ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያው ጎደለበት። አለቃው «አስተካክላለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ» አለን። ታገስን። አቤቱታ ለማስገባት ኮንትራቱ የሚሰጠው 15 የሥራ ቀን ነበር። እኔ ያስገባሁት በ17ኛው ነው። ውድቅ ሆነ። አለቃው የዋሸን አይመስለኝም፣ ረሳው። ሰውየው ያጣው ወደ 300 ዶላር ነው። ዛሬም ስንገናኝ ገንዘቡን አያነሳብኝም፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ከዚያ ወዲህ «ታገሱኝ» ያለኝን ሁሉ «እንታገሳለን፣ አቤቱታውን ግን ዛሬ እናስገባለን» እለዋለሁ።

«ማኅበር ሰነፍ ይሸፍናል» የሚል ትሰሚያለሽ። አንዳንዴ እውነት ነው። እኔም ሥራ ከማይወዱ ሰዎች ጎን ተቀምጫለሁ። ተወካዩ ግን ሰውየው ጎበዝ ነው ብሎ አይከራከርም። ክሱን አሳዩኝ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁታል ወይ፣ ሌላውን በዚሁ ጥፋት ምን አድርጋችሁት ነበር ነው የሚለው። አለቃው ሥራውን በደንብ ከሠራ ሰነፉ ይወጣል። ሲወጣም አይቻለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሥራ ቦታ ነው። ቅዳሜ ከየት መጣ?

የፋብሪካ ሠራተኛ ሲቆጣ ሥራ ያቆማል፤ ባለቤቱ ይከስራል። አንቺ ግን ሥራ ብታቆሚ ማን ይከስራል? ካውንቲው የቀኑን ደሞዝሽን ይቆጥባል። የሚራበው ልጁ ነው። በዚያ ላይ በአብዛኛው ስቴት የመንግሥት ሠራተኛ አድማ በሕግ የተከለከለ ነው። ሜሪላንድም ለትምህርት ቤት ሠራተኛ አትፈቅድም። በኒው ዮርክ ሕግ አድማ ለመታሽበት ቀን የቀረብሽ ደሞዝ ሳይበቃ ሌላ የአንድ ቀን ደሞዝ ይቆረጥብሻል። በ1981 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ሲመቱ ፕሬዚዳንት ሬገን 48 ሰዓት ሰጥተው ያልተመለሱትን ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች አባረሩ። ሰማይ ላይ አውሮፕላን እያለ መንገደኛው ሕዝብ አልደረሰላቸውም።

አንቺን የቀጠረሽ ካውንቲው ነው እንላለን። ከካውንቲው በላይ ግን የትምህርት ቦርዱን የመረጠው ሰፈር አለ። በጀቱን የሚከፍለውም እሱ ነው። የልጁ እናት ባንቺ ላይ ከተነሳች አለቀልሽ። ካንቺ ጋር ከቆመች ደግሞ ቦርዱ ይሰማል። ሌላ ጉልበት የለንም። ቅዳሜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ከሜምፊስ ከተማ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ዝናብ ይጥላል። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ ሠራተኞች ከዝናቡ ለመጠለል የመኪናው የኋላ ሆድ ውስጥ ገቡ። መጭመቂያው በራሱ ተነሳ። ሁለቱም እዚያው ሞቱ። ከ11 ቀን በኋላ 1,300 ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ለድሆች የሚሰጥ ድጎማ የሚገባቸው ብዙዎች ነበሩ። አንገታቸው ላይ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ሰሌዳ አንጠልጥለው ወጡ።

ልብ በይ፣ አድማው ሕገ ወጥ ነው ተብሏል። ከንቲባው አዳዲስ ሰዎች ቀጥሮ ቆሻሻውን ማስነሳት ጀምሯል። በሥራ ማቆሙ ብቻ ቢሆን ተሸንፈው ነበር። ያቆያቸው ሰፈሩ ነው። ቤተ ክርስቲያኖች እሑድ እሑድ ሙዳየ ምጽዋት አዞሩላቸው። ፓስተሮች ኮሚቴ አቋቋሙ። ጥቁሩ ሕዝብ መሀል ከተማ ካሉ ሱቆች መግዛት አቆመ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የመጡት በዚህ መሃል ነው፤ ኤፕሪል 4 ቀን እዚያው ተገደሉ። ስምምነቱ የተፈረመው ኤፕሪል 16 ነው።

ከንቲባው እስከ መጨረሻው አልዋጥልህ ያለው ምን ይመስልሻል? የደሞዝ ጭማሪው ብቻ አይደለም። መዋጮ ከደሞዝ እንዲቆረጥ አልፈቅድም ብሎ ነው የደረቀው። መዋጮው ከተቆረጠ ማኅበሩ ነገም እንደሚኖር ያውቃል። በመጨረሻ መዋጮው በሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል እንዲያልፍ ተደረገና ከንቲባው እጁ እንዳልነካው ሆነ። አንቺ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ» ብለሽ የምትመዝኛት መስመር በዚያ ከተማ ሁለት ወር ያከራከረችው ናት።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ኩሽና ስለሆንሽ። በ2018 በዌስት ቨርጂኒያ አስተማሪዎች አድማ መቱ። እዚያ የመደራደርም የአድማም መብት የላቸውም። የ55ቱም ካውንቲ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዘጠኝ የትምህርት ቀን። ችግር ነበር፤ በዚያ ድሃ ስቴት ምሳቸውን ከትምህርት ቤት የሚያገኙ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሥራ ከማቆማቸው በፊት አስተማሪዎቹና የኩሽና ሠራተኞቹ ምግብ በከረጢት እያሸጉ ለልጆቹ አዘጋጁ። ቤት ድረስ ያደረሱም ነበሩ። የአውቶቡስ ሾፌሮችም አብረው ቆሙ። ወላጁ ልጁ እንዳልተረሳ አየ። ቁጣው ወደ አስተማሪው ሳይሆን ወደ ስቴቱ ምክር ቤት ሄደ። ውጤቱ 5 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ለአስተማሪ ብቻ ሳይሆን ለስቴቱ ሠራተኞች ሁሉ። በቀጣዩ ዓመት የሎስ አንጀለስ አስተማሪዎች ለስድስት ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ ይዘውት የወጡት ጥያቄ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ የሙሉ ሰዓት ነርስ ይኑር የሚል ነበረበት። ወላጅ የአስተማሪን ደሞዝ ላይሰማ ይችላል። የነርስን ነገር ግን ይሰማል።

ስለዚህ ሴትየዋ ቅዳሜ ነይ ስትልሽ አላበደችም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁሉም ቅዳሜ አንድ አይደለም። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ሦስት ካርቶን ተሸክሞ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚበተን ቅዳሜ አለ። ልጆች ካሉሽና ሁለተኛ ሥራ ካለሽ ለእሱ አትልፊ። ጥሪው ሲመጣ «ማን ይመጣል?» ብለሽ ጠይቂ። የምትመግቢያቸው ልጆች ወላጆች የሚመጡበት ከሆነ ሂጂ። እነሱ እየተቀበሉ አንቺ እያደልሽ ብቻ አይደለም፤ ስምሽን ያውቃሉ፣ ስማቸውን ታውቂያለሽ። ዕድር ወርኃዊውን ብቻ ከፍለሽ የምትገላገይው ነገር አልነበረም፤ ለቅሶ ካልደረስሽ ትቀጫለሽ። እዚህ ቅጣት የለም። ለዚህ ይሆናል ስብሰባው ላይ ስድስት ሰውና አራት ፒዛ የምናገኘው።

ከቅዳሜው ይልቅ ግን የቦርዱን ስብሰባ ነው የምመክርሽ። አንድ ማታ ያየሁትን ልንገርሽ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡሽ። መብራት አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሰውየው ስለ ደሞዝ አላወራም። «ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የማነሳቸው አራት ልጆች አሉ። የእግረኛ መንገድ የለም። ክረምት ጨለማ ነው። የማያቸው የጫማቸው መብራት ብልጭ ሲል ነው» አለ። ቢጫው በራ። «ፌርማታውን ሁለት መቶ ሜትር ብታንቀሳቅሱት የመንገድ መብራት አለ» አለና ቀዩ ሳይበራ ተቀመጠ። ከኋላ አንዲት እናት አጨበጨበች። ፌርማታው በወሩ ተነሳ። ከሁለት ወር በኋላ ስለ ሾፌሮች የሰዓት ክፍያ ውይይት ሲመጣ ያች እናት ሌሎች አምስት ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም።

እንዲህ ስትናገሪ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ዜጋ፣ እንደ ነዋሪ፣ ሕዝብን ስለሚመለከት ጉዳይ ሲናገር ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ያለው ስለ ትምህርት ቤቱ በጀት ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ በተባረረ አስተማሪ ጉዳይ ነው። በ2006 ግን ያው ፍርድ ቤት የሥራ ኃላፊነትሽን ስትወጪ የምትናገሪውንና የምትጽፊውን ይህ እንደማይጠብቅ ወሰነ። ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሂጂ። የሥራ ልብስሽን አውልቂ። «የዚህ ካውንቲ ነዋሪ ነኝ» ብለሽ ጀምሪ። የልጅ ስምና ገመና አታንሺ። እዚያ የምታወሪው ያየሽውን ብቻ ይሁን።

ስለ ፖለቲካም ልበልሽ፣ ብዙ ሰው ስለሚፈራው። ለፌዴራል ምርጫ ዕጩዎች የሚሰጥ ገንዘብ በተለየ ፈንድ ነው የሚሰበሰበው፤ ብዙ ጊዜ የራሱ ሳጥን ካርዱ ላይ አለው። ካልፈለግሽ ሳጥኑን ባዶ ተዪው፤ አባልነትሽን አይነካም። ግሪን ካርድ ካለሽ ለዚያ ፈንድ መስጠት ትችያለሽ። ሌላ ዓይነት ወረቀት ላይ ከሆንሽ ግን አትስጪ፤ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። አባል ለመሆን ዜግነት አይጠየቅም።

የቀረው እንግሊዝኛሽ ነው። ለአቤቱታ የሚያስፈልግሽ ቋንቋ ሳይሆን ማስታወሻ ነው። ትንሽ ደብተር ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ነበረ። በአማርኛ ጻፊው፣ ችግር የለውም፤ በዚያው ቀን የተጻፈ መሆኑ ነው የሚጠቅመው። አለቃሽ ቢሮ ሲጠራሽ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ፦ «አይ ዎንት ማይ ዩኒየን ሬፕረዘንታቲቭ።» ከዚያ ዝም በይ። ፈገግታውም ይቅር።

ለቦርዱ ስብሰባ ደግሞ በብዙ ቦታ ጥቂት ቀን ቀድመሽ ከተመዘገብሽና ከጠየቅሽ አስተርጓሚ ይመደብልሻል። ሲመዘገቡ «ቋንቋ» የሚል ቦታ ካለ አማርኛ ብለሽ ሙይ፣ ከሌለ ደውለሽ ጠይቂ። በትርጉም ለሚናገር ሰው ጊዜውን እጥፍ የሚያደርጉ ቦርዶች አሉ፤ ያንንም ጠይቂ። ካላደረጉልሽ ግን ሁለቱን ደቂቃ ከአስተርጓሚው ጋር ለሁለት ትካፈያለሽና ለአንድ ደቂቃ የሚሆን ጻፊ። ወደ መቶ ቃል ነው። ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ በሰዓት አንብቢው። ስለ ምን ልናገር ካልሽኝ፣ በአራት ወርሽ ከዚያ የምሳ መስኮት ኋላ ሆነሽ ያየሽው አንድ ነገር አይጠፋም። ጽፈሽ ላኪልኝና አብረን እናሳጥረዋለን።